ሠርግ ላይ የሚያልቅ መጽሐፍ



መጽሐፍ ሁሉ መካሪ እንዲሆን አይጠበቅበትም። አንዳንዱ መጽሐፍ ሊያጫውትና ሊያሥቅ ብቻ ይጻፋል፤ ሰውም የቀኑን ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲገባ ጥቂት መሣቅ ይገባዋልና፣ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከነጭራሹ የሚነቅፍ ሰው ዕረፍትን የሚነቅፍ ነው። እኛም የዛሬውን ነገር ስንጀምር ነቃፊ ብቻ ሆነን እንዳንታይ ይህን አስቀድመን ልንናገር ወደድን።

የምንናገረው ስለ ቀላል የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ይኸውም አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት የሚያዞሩት፣ በአየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ልጃገረዶች ቆመው የሚያነቡት፣ በሽፋኑ ላይ ወንድና ሴት ጎን ለጎን የተሣሉበት ስስ መጽሐፍ ነው። በዚህ ክረምት ከቤት ልጆች እጅ እየተቀበልን ጥቂቶቹን አነበብን። የታሪኩም አኳኋን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። አንዲት ብልህ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ትይዛለች፤ በመጀመሪያውም ቀን ከአንድ ጎበዝ ጋር በነገር ትጋጫለች፤ እርሱ ኩሩ ነው፣ እርሷም አፈኛ ናት፤ ቀጥሎ አንድ መልእክት ለማይገባው ሰው ይደርስና ሁለቱ ይቀያየማሉ፤ ኋላ ነገሩ ስሕተት እንደ ነበረ ይታወቅና ዕርቅ ይሆናል፤ ከዕርቁም በኋላ ሠርግ ይሆናል፤ መጽሐፉም በሠርጉ ያልቃል። የደራሲዎቹን ስም አንጠራም፤ የምንናገረው ስለ መጽሐፉ ዓይነት እንጂ ስለ አንድ ሰው ሥራ አይደለምና።

እውነቱን ለመናገር፣ ስናነብ ሥቀናል፤ ሌሊቱም እኩል እስኪሆን መብራት ሳናጠፋ ቆይተናል። መጽሐፉን ከከደንን በኋላ ግን ልባችን ሁለት ሆነ። አንዱ ልባችን «ልጆቻችን ይህን ማንበባቸው መልካም ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ልባችን «አንድ ነገር ተሰውሮባቸዋል» ይላል። በችሎት እንደሚደረገውም ሁለቱን ወገን በየተራ መስማት ተገቢ ሆኖ አገኘነው።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን ግን በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ አንዲት እናት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰች ልጅ አላቸው። አንድ ሥራ ያለው፣ በሰፈሩም የተመሰገነ ሰው ሽማግሌ ልኮ ልጅቱን ጠየቀ። ቤተ ሰቡ ወደደው፤ ልጅቱ ግን «ሰውዬው ደግ ነው፤ ልቤ ግን አልፈቀደውም» ብላ መለሰች። ሽማግሌዎቹም ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሰው እንዲመጡ ቀን ተቈርጧል። እናትየው «ይህ ‹ልቤ አልፈቀደውም› የሚለው ቃል ከዚያ መጽሐፍ የወጣ ነው፤ መጽሐፉን ከቤት ላውጣውን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ስለ አንድ ስስ መጽሐፍ ቢመስልም ትንሽ ጥያቄ አይደለም፤ የአንዲት ልጅ ቀሪ ዕድሜ በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏልና።

አስቀድሞ የመጽሐፉ ወገን ይሰማ።

ቀላል የፍቅር ታሪክ ትናንት ከውጭ አገር የገባ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ታሪክ ነው። አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ የምንሰጠው ስም ከዚሁ ርእስ የተገኘ ነው። አንባቢው ግን መጽሐፉን በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል። መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ጦቢያ መንታ ወንድሟ ዋሕድ ስለ ጠፋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች፤ በመንገድም መከራ ያገኛታል፤ ወንድ መስላ ስለምትታይም የቤተ መንግሥት ልጃገረድ ትወዳታለች፤ በመጨረሻም አረመኔ የነበረው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባታል። በልብስ መለዋወጥ የተነሣ የሚያሥቅ ስሕተት፣ የተጠፋፉ ሰዎች መገናኘት፣ በስተመጨረሻም ጋብቻ ይገኝበታል። ይህ ሁሉ ዛሬ በቡና ቤት ከሚዞረው መጽሐፍ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

በዚያው ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908፣ ጄራልድ ሚልስና ቻርልስ ቡን የተባሉ ሁለት ሰዎች በሎንዶን አንድ የመጻሕፍት ማሳተሚያ ድርጅት አቋቁመው ነበር። «ሚልስ ኤንድ ቡን» የተባለው ይህ ድርጅት ኋላ በፍቅር ታሪክ ስሙ በዓለም የታወቀ ሆነ፤ በ1971ም ሃርለክዊን የተባለው የካናዳ ድርጅት ገዛው። እንግዲህ የእኛይቱ ጦቢያና ያ የፍቅር መጻሕፍት ቤት የዕድሜ እኩዮች ናቸው። ቀላል የፍቅር ታሪክ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ከጦቢያ በኋላ ግን የአማርኛ የፍቅር ታሪክ መንገዱን ለወጠ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ለምክር አደረጉት። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ፤ ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለ ተረከው ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ሰማው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ዘር ተቈጥሮ የሚመጥናት ባል እየጠፋ ዕድሜዋ በአባቷ ቤት ያልፋል፤ እርሱ ሊያስተምራት ሲመጣም ይዋደዳሉ። በመጨረሻ ግን ርእሱ እንደሚለው የሚያገናኛቸው መቃብር ነው።

የዚህን መጽሐፍ ታላቅነት የሚጠራጠር የለም። እኛም ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠራው እርሱን ነው። ነገር ግን ትውልድ ሁሉ በዚህ ታሪክ ሲያለቅስ አንድ ነገር ሳይታወቀው ተማረ፤ ይኸውም እውነተኛ ፍቅር የሚባለው የሚገድለው ነው፤ ልቧን የተከተለች ልጅ መጨረሻዋ ምናኔ ወይም መቃብር ነው ማለት ነው። ደራሲው የነቀፉት ፍቅርን ሳይሆን ፍቅርን የሚገድለውን ሥርዓት ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ግን ይህን ሁሉ ለይቶ አይሰማም።

ቀላሉ መጽሐፍ ይህን ትምህርት በሣቅ ይሽረዋል። ልጅቱ ትመርጣለች፤ መርጣም ትኖራለች። ልቧ ያልፈቀደውን «አይሆንም» ትላለች፤ ስላለችም ቤቷ አይቃጠልም፣ አባቷም አይረግማትም። ይህ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ ነገር ይመስላል። በፍርድ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጠን የሕግ መጻሕፍትን ለምናገላብጥ ለእኛ ግን ተራ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው ኋላ በጋብቻ ካሰራት ከክስ እንዲድን በር ከፍቶለት ነበር፤ ያ በር የተዘጋው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም ዕድሜውን 18 ዓመት አደረገው፤ የሁለቱም ነፃና ሙሉ ፈቃድ ከሌለበትም ጋብቻው አይጸናም አለ።

እንግዲህ ያች ልጅ «ልቤ አልፈቀደውም» ስትል ሕግ የሚያውቀውን ቃል ተናገረች። ይህን ቃል ከአዋጅ ሳይሆን ከስስ መጽሐፍ ተምራው እንደ ሆነ፣ መጽሐፉ ብዙ መምህራን ያልሠሩትን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ቃሉን ማንም ቢያስተምራት፣ ከአፏ ከወጣ በኋላ ቃሉ የራሷ ነው። የመጽሐፉ ወገን ክርክሩን እዚህ ላይ ቢያበቃ ባለድል በሆነ ነበር።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወገን ይሰማ።

በእነዚህ ባነበብናቸው መጻሕፍት ውስጥ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው አላገኘንም። ጎበዙ መኪና አለው፤ በምን ገንዘብ እንደ ገዛው አይነገርም። አማት አትታመምም፤ ውሃ አይጠፋም፤ የዕድር መዋጮ የሚሰበስብ ሰው በር አያንኳኳም። ሰዎቹ ሁሉ ቡና የሚጠጡት በቦሌ ነው፤ ወደ ኮልፌ የሚመጣ የለም፤ ቢመጣም መንገድ ስቶ ነው። ከገበያ መሐል ቆሞ በሽንኩርት ዋጋ የሚከራከር ጎበዝ ለፍቅር የተፈጠረ አይመስላቸውም። እኛ ግን በዚሁ ሰፈር ከእርጅና ደርሰው እርስ በርሳቸው «አንቺ ትብሽ፣ አንተ ትብስ» የሚባባሉ ባልና ሚስት እናውቃለን፤ ዘንቢሉን አንዱ ወገን እርሱ፣ ሌላውን ወገን እርሷ ይዘው ከገበያ ሲመለሱም እናያቸዋለን። የዚያ ዘንቢል ታሪክ በስሱ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሌላም ነገር አስተዋልን። በየመጽሐፉ በር የምትከፍት፣ ቡና የምታፈላ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ ነገር ግን ስም የላትም። ዕድሜዋ ከባለታሪኳ ዕድሜ ጋር እኩል ነው። እርሷም ከገጠር መጥታ የማታ ትምህርት ትማር ይሆናል፤ የሚያስባትም ሰው ይኖር ይሆናል። መጽሐፉ ግን ስኒውን ካስቀመጠች በኋላ ወደ ማድ ቤት ይመልሳታል። ፍቅር ሠራተኛ ላላት እንጂ ለሠራተኛይቱ አይደለም ብሎ በቃል ባይናገርም፣ በዝምታው ይናገራል።

ይህ ዝምታ የሚያመጣውን ጉዳት በሚገባ ያሳየ አንድ የፈረንሳይ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» ነው። ኤማ የተባለችው ባለታሪክ በልጅነቷ በገዳም ትምህርት ቤት ሳለች የፍቅር መጻሕፍትን እየደበቀች ታነባለች። ኋላ አንድ ደግ ነገር ግን ፈዘዝ ያለ የገጠር ሐኪም ታገባለች፤ በመጽሐፍ ያነበበችው ሕይወት ግን ወደ ቤቷ አልመጣም። ይህ መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 መጀመሪያ ላይ የሕዝብንና የሃይማኖትን ግብረ ገብነት ነክቷል ተብሎ በፓሪስ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ደራሲውም በነፃ ተለቀቀ። የጊዜው ክርክር ሁሉ ስለ ዝሙት ነበር። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጸሓፊ ዓይን ስናነበው ያስደነገጠን ሌላ ነው። ኤማን ወደ መርዝ የነዳት ነገር የመጨረሻ ስሙ ዕዳ ነው። ከጨርቅ ነጋዴው በዱቤ ትወስዳለች፤ በወረቀት ላይ ወረቀት ትፈርማለች፤ በስተመጨረሻም ወደ ቤቷ የሚገባው ወዳጅ ሳይሆን ዕቃዋን ቈጥሮ የሚመዘግብ የፍርድ አስፈጻሚ ነው። የፍቅር መጽሐፍ ስለ ገንዘብ ዝም ሲል፣ አንባቢዋ ገንዘብ የሌለ መስሏት ትኖራለች።

ፓሪስ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከቅርብ ያየነውን እንንገረው። ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ ጊዜውንና ቦታውን እንተዋለን። አንድ ወጣት ባልና ሚስት፣ ሠርጋቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በስምምነት ለመፋታት ወደ ችሎት መጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አንዱም በሌላው ላይ ጥፋት አላወራም። ሕጉ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳልና ዳኛው ጊዜ ሰጧቸው። ጊዜው ሲያልቅ ተመልሰው መጡ፤ አሳባቸው አልተለወጠም። ሴትዮዋ ስትጠየቅ «ከሠርጉ በፊት የተነጋገርነው ስለ ሠርጉ ብቻ ነበር» አለች፤ ባሏም አንገቱን ደፍቶ «እውነቷን ነው» አለ። መዝገቡ ተዘጋ፤ የአዳራሹና የቪዲዮው ዕዳ ግን ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር።

አበው «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚሉት ዝግጅቱን ላዘገየ ሰው ነው። የእነዚያ ልጆች ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በርበሬው አስቀድሞ ተቀንጥሶ የዘገየው ትዳሩ ነው። ይህን ያስተማራቸው መጽሐፍ ብቻ ነው አንልም፤ ዘፈኑም፣ ፊልሙም፣ የጎረቤት ዓይንም አለበት። ነገር ግን ሠርግ ላይ የሚያልቅ መጽሐፍ ሠርግን ፍጻሜ አድርጎ ያሳያል፤ ሠርግ ግን የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ነው።

የሁለቱም ወገን ቃል ተሰማ። ፍርዱን ከመናገራችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልስ ይሻል፤ ይኸውም የሚያሥቅ የፍቅር ታሪክ የኪራይንና የዘንቢልን ነገር ቢናገር ሣቁ ይጠፋልን? የሚለው ነው። እኛ አይጠፋም እንላለን፤ ምስክሮችም አሉን።

አንደኛዋ ምስክር እንግሊዛዊቱ ጄን ኦስተን ናት። በ1813 የታተመው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» የተባለው መጽሐፏ የዛሬው ቀላል የፍቅር ታሪክ ሁሉ አያት ነው፤ ኩሩው ጎበዝና አፈኛይቱ ልጅ፣ የመጀመሪያው ቀን ቅያሜ፣ ኋላም ዕርቁና ጋብቻው ሁሉ በእርሷ ዘንድ ይገኛል። ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በዓመት ስንት ፓውንድ እንደሚያገኝ አንባቢ ያውቃል፤ የጎበዙ ገቢ ዐሥር ሺህ ነው። አምስት ሴቶች ልጆች ያሉት አባት ሲሞት ርስቱ ለሩቅ ወንድ ዘመድ እንደሚያልፍም ያውቃል። አንዲት ወዳጅ ደግሞ መጠጊያ ቤት ለማግኘት ስትል ብቻ የማትወደውን ሰው ታገባለች። ይህ ሁሉ ተነግሮ መጽሐፉ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ያሥቃል። ገንዘብ መነገሩ ሣቁን አላጠፋውም፤ ይልቁንም ልጅቱ «አይሆንም» ስትል ምን እንደምትተው ስለምናውቅ ቃሏ ክብደት አገኘ።

ሁለተኛውን ምስክር በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አግኝተነዋል፤ እርሱም መጽሐፈ ጦቢት ነው። የጦቢት ልጅ በመንገድ ሄዶ የራጉኤልን ልጅ ሣራን ያገባል። ከእርሱ በፊት ሰባት ባሎች ሞተውባታልና የሠርጉ ሌሊት የፍርሃት ሌሊት ነው፤ አባትየውም በስውር መቃብር ያስቈፍራል፤ ሲነጋ ግን ሙሽራው በሕይወት ይገኛል፤ መቃብሩም ይደፈናል። እዚህ ላይ የሚሥቅ አንባቢ አይነቀፍም። መጽሐፉ ግን በድግሱ አያበቃም። በቤት የቀረችው እናት ቀን እየቈጠረች መንገድ መንገዱን ታያለች፤ ልጁም ሚስቱን ይዞ ይመለሳል፤ በዓሣው ሐሞት የዕውር አባቱን ዓይን ያበራል፤ አባትየውም በዓይኑ እያየ ምራቱን ሊቀበል ወደ ከተማው በር ይወጣል። በዚያ መጽሐፍ ሙሽራይቱ የገባችው ሰው ያለበት ቤት ነው፤ የታመመ አባትና የምትናፍቅ እናት ያሉበት ቤት ነው። ፍቅር ከሠርጉ ማግስት ምን ሥራ እንዳለው ይህ አሮጌ ታሪክ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ለጠየቁን እናት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። እናታችን ሆይ፤ መጽሐፉን ከቤት አያውጡት። ቢያወጡት ልጅዎ ከጎረቤት ተውሳ ታነበዋለች፤ ያን ጊዜ ግን ስለ መጽሐፉ ከእርስዎ ጋር መነጋገር ትተዋለች። ለሽማግሌዎቹም ቀኑ ሲደርስ በክብር «ልጃችን አልፈቀደችም» ይበሏቸው። ይህን መናገር ውርደት አይደለም፤ ያለ ፈቃዷ ተድራ ኋላ በችሎት በር ከመቀመጥ ዛሬ አንድ ስኒ ቡና አቅርቦ ሽማግሌን በምስጋና መሸኘት እጅግ ይሻላል።

ቀጥሎም መጽሐፉን ከልጅዎ ተቀብለው ያንብቡት። የሚያሥቀው ላይ ይሣቁ፤ አብረው መሣቅ ለሚከተለው ነገር መንገድ ይጠርጋልና። ጨርሰው ሲከድኑትም እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ሦስት ነገር ይጠይቋት። ከሠርጉ በኋላ በሚመጣው ወር የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው፣ ከየትስ አግኝቶ ነው? የአንዳቸው እናት ብትታመም በአልጋዋ አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው? ሁለተኛው ቅያሜ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርምና፣ አስቀድሞ የሚናገረው ማን ነው፣ በምንስ ቃል? ጊዜ ካላችሁም ያችን ስም የሌላትን ሠራተኛ ልጅዎ ስም እንድታወጣላት ያድርጉ፤ ስም ያወጣችላትን ሰው ኋላ በገዛ ቤቷ አትረሳትም።

ልጅዎ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስትፈልግ አንድ ነገር ይገለጥልዎታል። ስለ ኪራዩና ስለ በሽታው አስባ ዛሬም «ልቤ አልፈቀደውም» ካለች፣ ቃሏ ከመጽሐፍ የተቀዳ አለመሆኑን ያውቃሉ። ጥያቄዎቹ ከዚህ በፊት በአሳቧ ገብተው የማያውቁ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነገ ልቧ የፈቀደው ሰው ሲመጣ እርሱን ጭምር እንድትጠይቃቸው ይምከሯት። በሽማግሌ የመጣውም፣ በልብ የመጣውም ለእነዚህ ጥያቄዎች እኩል መልስ ይስጥ። የቤተ ሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ሊከባበሩ፣ ሊተጋገዙና ሊደጋገፉ ይገባቸዋል ይላል፤ ፍቅርን ግን በአዋጅ ማዘዝ ስለማይቻል ለሰዎቹ ትቶታል። ከአዋጁ ውጭ የቀረውን የልብ ፈቃድ ልጅዎ ከመጽሐፉ ተምራዋለች፤ መከባበሩና መተጋገዙ በየዕለቱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግራት የቅርብ ሰው የለም።

ለደራሲዎቻችንም አንድ ልመና አለን። ሣቃችሁን አትተዉ፤ ምክር ጸሓፊ ሁኑም አንላችሁም፤ የምክር መጽሐፍ ሞልቷል። ልጅቱ መርጣ የምትኖርበትን ታሪክ ደጋግማችሁ ጻፉ፤ ለብዙ ዘመን በመቃብር ያለቀሰ አንባቢ ይህ ይገባዋል። ነገር ግን ከሠርጉ በኋላ አንዲት ምዕራፍ ጨምሩልን። ምዕራፉ ረጅም አይሁን፤ ኩሩው ጎበዝና አፈኛይቱ ልጅ በአንድ የቅዳሜ ጧት ዘንቢሉን ግራና ቀኝ ይዘው ከገበያ ሲመለሱ አሳዩን። በዚያ መንገድ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚጣሉት ጠብ ከመጀመሪያው ቀን ጠባቸው ይልቅ እንደሚያሥቀን እርግጠኞች ነን።

ጥር ሲገባ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፤ የሙሽራ መኪናም ይበዛል። ለመጋባት የቈረጣችሁ ወጣቶች ሆይ፤ የመጥሪያውን ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ማታ ለሁለት ተቀምጣችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ገቢያችሁን፣ ዕዳችሁንና የምትጦሯቸውን ሰዎች ጻፉ። ወረቀቱን ጽፋችሁ ስትጨርሱ አሁንም የምትሣሣቁ እንደ ሆነ፣ ካርዱን አሳትሙ። ለሁላችሁም ዘመናችሁ የፍቅርና የሰላም እንዲሆን እንመኛለን።